ከማትሪክ በፊት ያለው ፈተና

እሁድ ከሰዓት በኋላ በወሎም ሆነ በጎጃም፣ በሰሜን ሸዋም ሆነ በጎንደር ገጠር፣ ወደ ወረዳ ከተማ የሚወስደው መንገድ በልጆች ይሞላል። ዕድሜያቸው ዐሥራ አምስት፣ ዐሥራ ስድስት ቢሆን ነው። በትከሻቸው የማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመዋል። ውስጡ የሳምንት ስንቅ ነው፤ ከላይ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ከሥሩ ድርቆሽ፣ በፌስታል የተቋጠረ ሽሮና በርበሬ፣ ጥግ ላይ በሶና ቆሎ። አንዳንዱ ሁለት፣ አንዳንዱ አራት ሰዓት በእግሩ ይጓዛል። በቀበሌው ከ8ኛ ክፍል በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ስለሌለ፣ 9ኛ ክፍል የገባ ሁሉ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል።

ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአከራዩ ግቢ ጥግ የተለጠፈች አንዲት ክፍል ናት። ሦስት አራት ሆነው ይከራዩአታል። የሚተኙት መሬት ላይ ነው፤ የሚያጠኑትም እዚያው፣ ደብተር ጉልበት ላይ አድርገው። አምፖል ካለ ቆጣሪው የአከራዩ ነውና ማታ ሦስት ሰዓት ሲል “አጥፉ” የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰኞና ማክሰኞ እንጀራ ይበላል። ረቡዕ መሻገት ይጀምራል። ከሐሙስ ወዲያ በሶና ቆሎ ነው። ዐርብ ከሰዓት ክፍሎቹ ይሳሳሉ፤ ሩቅ አገር ያለው ልጅ ሳይመሽበት ቤቱ ደርሶ ለመጪው ሳምንት ስንቅ መያዝ አለበት። ለሴቶቹ ደግሞ ሌላም ይጨመራል፦ ውሃ መቅዳቱ፣ ማብሰሉ፣ ቁልፍ በሌለው በር ውስጥ ማደሩ፣ “ከተማ ሄዳ ተበላሸች” የሚለው የአገር ቤት ወሬ።

እነዚህ ልጆች በ12ኛ ክፍል መጨረሻ የሚቀርብላቸው የጥያቄ ወረቀት፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሰርቪስ ተመላልሶ፣ ማታ አስጠኚ ቤቱ ድረስ እየመጣለት ለተማረ ልጅ ከሚቀርበው ጋር አንድ ነው። የማለፊያው ነጥብም አንድ ነው።

የተገለጠው ቁጥር

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለብዙ ዓመታት ስሙ ከኩረጃና ከስርቆት ጋር ሲነሣ ኖሯል። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ከዚያ በኋላም በየዓመቱ መልስ በስልክ ይዞር ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ፈታኙም፣ ወላጁም፣ የአካባቢው ሹምም “ልጆቻችን ከማን ያንሳሉ” በሚል ይተባበሩ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር በፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ሚኒስትርነት ዘመን አሠራሩን ለወጠው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናውን በ2015 መግቢያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ወሰዱ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት ግድ ሆነ።

ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ከ896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ። በማግስቱ ዓመት፣ በ2015፣ ከ845,099 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ 3.2 በመቶ። ይበልጥ የሚያስደነግጠው ግን የትምህርት ቤቶቹ ዝርዝር ነበር። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ሲሆኑ፣ ይህም ካስፈተኑት ከ40 በመቶ በላይ ነው። በአንጻሩ ያስፈተኗቸውን ሁሉ ያሳለፉ ትምህርት ቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ወዲያው ክርክሩ በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንዱ ወገን “ተማሪው ሰነፈ፣ ኩረጃ ለምዶ ነው” አለ። ሌላው “ፈተናው ከበደ” አለ። ሁለቱም ልጁ ፈተና አዳራሽ ከገባበት ቀን የሚጀምሩ ክርክሮች ናቸው። ኩረጃው ቀርቶ በሩ ሲዘጋ የታየው ግን በዚያ ቀን የተፈጠረ ነገር አልነበረም። በልጆች መካከል ያለው ርቀት ቀድሞም ነበረ፤ ኩረጃ ሸፍኖት እንጂ።

በ2016 የታየው ደግሞ ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። በዚያ ዓመት ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር፣ በኦንላይን ተሰጠ፤ ከ29 ሺህ በላይ ተማሪዎች በዚህ መንገድ ተፈተኑ። ከእነርሱ መካከል ያለፉት 26 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በወረቀት ከተፈተኑት ያለፉት 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ኮምፒውተር ለማንም ዕውቀት አይጨምርም። ልዩነቱ የመጣው በኦንላይን ለመፈተን መጀመሪያ ኮምፒውተር፣ መብራትና የማይቆራረጥ ኔትወርክ ያለበት አካባቢ መገኘት ስለሚያስፈልግ ነው። እንዲህ ያለ አካባቢ የሚማር ልጅ ደግሞ ከዚያ በፊትም ላቦራቶሪ አይቶ፣ መጽሐፍ ይዞ የተማረ ነው።

ከ1ኛ ክፍል በፊት

በ2014 እና በ2015 ለፈተና የተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ ማለትም በምግብ እጥረትና በተደጋጋሚ ሕመም ምክንያት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች ነበር። መቀንጨር የቁመት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላስጨነቀ። አእምሮ በፍጥነት የሚያድግባቸው ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት ጊዜያት በረሃብ ካለፉ፣ ልጁ ኋላ ፊደል ሲቆጥርም ሆነ ሲያሰላ ይከተለዋል። የአፍሪካ ኅብረትና አጋሮቹ በ2013 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የረሃብን ዋጋ የሚያሰላ ጥናት፣ በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ክፍል ከሚደግሙ ተማሪዎች 16 በመቶ ያህሉ የደገሙት ከመቀንጨር ጋር በተያያዘ እንደሆነ ገምቷል።

ችግሩ ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም። በ2016 እ.ኤ.አ. ጥናት አገራዊው የመቀንጨር መጠን ወደ 38 በመቶ ወርዷል። ሆኖም በአማራ ክልል 46 በመቶ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ ገደማ ነው። ከድሃዎቹ ቤተሰቦች ልጆች 45 በመቶ፣ ከሀብታሞቹ ደግሞ 26 በመቶ ቀንጭረዋል። ይህ ሁሉ ልጁ “ሀ ሁ” ከማለቱ በፊት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው አፀደ ሕፃናት ነው። በእንግሊዙ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው “ያንግ ላይቭስ” የተሰኘው ጥናት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ሦስት ሺህ ያህል ልጆችን እያደጉ ሲሄዱ ይከታተላል። በጥናቱ ከታቀፉት በ2001 እና በ2002 እ.ኤ.አ. ከተወለዱት መካከል፣ ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ አፀደ ሕፃናት ሲገቡ፣ ከገጠር የገቡት ከ4 በመቶ ያነሱ ነበሩ። መንግሥት ያኔ በዚህ ደረጃ ትምህርት እጁን እምብዛም አያስገባም ነበር፤ ኬጂ የግል ባለሀብት፣ የቤተ ክርስቲያንና የረድኤት ድርጅት ሥራ ነበር። የከተማ ልጅ ሦስት ዓመት ኬጂ ተምሮ፣ እርሳስ መያዝ ለምዶ፣ እንግሊዝኛ ፊደልን እየዘመረ 1ኛ ክፍል ሲገባ፣ የገጠሩ ከጥጃ ጥበቃ መጥቶ እዚያው ክፍል ይቀመጣል።

ኋላ ላይ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ “ኦ ክፍል” ተከፈተና በቅድመ መደበኛ ትምህርት የሚሳተፉ ልጆች ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ5 በመቶ አካባቢ ወደ 40 በመቶ ገደማ ወጣ። ከፍተኛ ለውጥ ነው። ግን በብዙ ቦታ ኦ ክፍል ማለት አንድ ባዶ ክፍል፣ ለዚህ ዕድሜ ያልሠለጠነ አንድ መምህርና ወለል ላይ የተቀመጡ ስልሳ ሰባ ልጆች ማለት ነው።

ያለ መሠረት የተጀመረው ንባብ ወዲያው ይታያል። በ2010 እ.ኤ.አ. በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማንበብ ችሎታቸው ከተለካ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከተሰጣቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ የ2ኛ ክፍል ልጆች ናቸው እንግዲህ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማትሪክ የደረሱት፤ የደረሱት ከደረሱ ማለት ነው። የዓለም ባንክም በቅርብ ዓመታት ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶው ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

“ነፃ” የተባለው ትምህርት

የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ አይጠይቅም። ይህ ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ዩኒፎርም፣ ጫማ፣ ለጥበቃና ለዴስክ ጥገና የሚሰበሰብ መዋጮ አለ። ከሁሉ የሚከብደው ወጪ ግን በገንዘብ አይቆጠርም፤ የልጁ ጉልበት ነው። ትምህርት በመስከረም ሲከፈት በመተማና በሑመራ ቆላ የሰሊጥ አጨዳ ይደርሳል፤ ከደጋው የሚወርደው ወጣት መሀል የ8ኛና የ9ኛ ክፍል ተማሪ አይጠፋም። ኅዳርና ታኅሣሥ የመኸር እህል የሚሰበሰብበት ወቅት ነው። አባት ከታመመ ወይም በሬ ከሞተ መጀመሪያ የሚቀነሰው የልጁ የትምህርት ቀን ነው። በወሎ ደግሞ ደላላ መንደር ድረስ መጥቶ ዓረብ አገር ሠርታ ቤተሰቧን የለወጠች የጎረቤት ልጅ እያነሣ ሲያማልል፣ በ7ኛ ክፍል ያለች ልጅ ከደብተሯና ከፓስፖርት እንድትመርጥ ይደረጋል።

መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በስፋት ሲጀመር የመማሪያ መጽሐፎቹ ታትመው አልደረሱም። ተማሪዎች መጽሐፉን በቴሌግራም አውርደው በስልክ እንዲያነቡ ሆነ። ስማርት ስልክ ያለው ቤተሰብ አወረደ፤ ገንዘብ ያለው ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ጠረዘ። የሌለው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ቀድቶ ያንኑ አጠና። ያ ሰሌዳ ደግሞ ስልሳና ሰባ ተማሪ ከታጨቀበት ክፍል የኋላ ዴስክ ላይ ሆነው ሲያዩት የሚነበብ አይደለም።

በከተማ ደግሞ ልዩነቱ በአንድ ሰፈር ውስጥ ይገናኛል። በአዲስ አበባ አቅም ያለው፣ አቅም የሌለውም ከአፉ ቀንሶ፣ ልጁን ወደ ግል ትምህርት ቤት ይወስዳል፤ ክፍያው በየዓመቱ ቢጨምርበትም። ከመንግሥት ትምህርት ቤት የወጡት ልጆቹ ብቻ አይደሉም። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ “የሒሳብ መምህር ለምን ሁለት ወር ጠፋ?” ብሎ የሚጠይቀው ወላጅም አብሮ ወጥቷል። የቀሩት ወላጆች አብዛኞቹ በቀን ሥራ፣ በጉሊትና በጥበቃ የሚተዳደሩ ናቸው። ስብሰባ ሲጠሩ የዕለት ገቢያቸውን ትተው መምጣት አለባቸው፤ ቢመጡም ከርእሰ መምህሩ ፊት ቆመው መከራከር ይከብዳቸዋል።

9ኛ ክፍል ላይ የሚቀየረው ቋንቋ

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማራሉ፤ ሕፃን በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር በተሻለ እንደሚገባው በብዙ አገር ተረጋግጧል። ችግሩ መሻገሪያው ላይ ነው። በአብዛኛው አገር 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱ፣ ባዮሎጂው፣ ታሪኩ ሁሉ በአንድ ክረምት እንግሊዝኛ ይሆናል። በቤቱ የእንግሊዝኛ ፊልም የሚያይ፣ ከኬጂ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ መሻገሩን ልብም አይለው። ሌላው ግን “ፎቶሲንተሲስ” የሚለውን ቃል መጀመሪያ ማንበብ፣ ከዚያ መተርጎም፣ ከዚያ መረዳት አለበት። ብዙው ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ደወሉ ይደወላል።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ይህን ይፈታል ተብሎ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ “ፕላዝማ” ተሰቅሎ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላው አገር በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። ዓላማው እኩልነት ነበር፤ የጂንካውም የመቀሌውም ልጅ አንድ ዓይነት መምህር እንዲያይ። ነገር ግን በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር “ገባችሁ?” ብሎ አይጠብቅም፤ መልመጃ ሰጥቶ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ መልሱን ይናገራል። መብራት በሄደ ቀን ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከፕላዝማው የተጠቀመው ቀድሞውኑ እንግሊዝኛውን የሚከታተለው ልጅ ነበር።

የመምህሩ ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። አዲስ ምሩቅ ሩቅ ገጠር ይመደባል፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ልምድ አካብቶ፣ ዝውውር ጠይቆ ወደ ከተማ ይገባል። በእርሱ ቦታ ሌላ አዲስ ምሩቅ ይመጣል። እንዲህ ሆኖ የገጠሩ ትምህርት ቤት ለከተማው መምህራን ማሠልጠኛ ሆኖ ያገለግላል።

ምን ሠራ?

በትምህርት ጥናት ውስጥ የታወቀ አንድ የቆየ ክርክር አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮልማን በአሜሪካ መንግሥት ትእዛዝ ባደረገው ግዙፍ ጥናት፣ የተማሪን ውጤት የሚወስነው በአብዛኛው የቤተሰቡ ሁኔታ እንጂ ትምህርት ቤቱ ያለው ቁሳቁስ እንዳልሆነ ደመደመ። በ1983 እ.ኤ.አ. ግን ሄይንማንና ሎክስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች 29 አገሮችን አነጻጽረው ሌላ ነገር አገኙ፦ አገሩ ድሃ በሆነ ቁጥር የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ጥራት የሚያመጣው ለውጥ ከቤተሰብ ሁኔታ ይልቅ እየጎላ ይሄዳል። ኋላ በዝርዝሩ ላይ ብዙ ክርክር ቢነሣም ነጥቡ ለኢትዮጵያ ትልቅ ትርጉም አለው። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ መጽሐፍ የሚያገኘው ከትምህርት ቤት ወይም ከየትም ነው።

የአዲስ አበባ የምገባ መርሐ ግብር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሥራው የተጀመረው በበጎ አድራጎት ነበር። በከተማው ትምህርት ቤቶች ሳይበሉ መጥተው ክፍል ውስጥ የሚወድቁ ልጆች መኖራቸው ሲሰማ፣ ፍሬዓለም ሽባባው የመሠረተችው “የእናት ወግ” የተሰኘ ድርጅት መመገብ ጀመረ። ከ2012 የትምህርት ዘመን ወዲህ የከተማ አስተዳደሩ ሥራውን በራሱ በጀት ተረክቦ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ላሉ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ልጆች ቁርስና ምሳ ያቀርባል፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣል። እናቶች በየግቢው ተደራጅተው ያበስላሉ። ምግቡ ለሁሉም ስለሚቀርብ “የድሃ ልጅ” ተብሎ የሚለይ የለም፤ ሁሉም በአንድ ወረፋ ይቆማል። ስንቁን በጆንያ ተሸክሞ የሚመላለሰው የገጠር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ከዚህ ዓይነቱ ድጋፍ ገና አልደረሰም።

ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣሉ። ክልሎችና አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ባቋቋሟቸው በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከየወረዳው በውጤት የተመረጡ ልጆች በነፃ ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ማታ መብራት ባለበት ቤተ መጻሕፍት ያጠናሉ። ከእነርሱ መካከል ተማሪዎቻቸውን ሁሉ፣ ወይም ሁሉን ለማለት ጥቂት የቀራቸውን፣ የሚያሳልፉ አሉ። የአርሶ አደር ልጅ አልጋ፣ ሦስት ጊዜ ምግብና የተሟላ መምህር ካገኘ ከማንም እንደማያንስ ይህ በግልጽ ያሳያል። በሌላ በኩል ጎበዞቹ ልጆች ተለቅመው ሲወሰዱ፣ ጎበዝ መምህራንም ሲከተሏቸው፣ የቀረው ትምህርት ቤት ይበልጥ ይራቆታል። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ አጠገቡ ያለፈ ሰው አያይም፤ በዓመቱ ስለማትሪክ የሚሰማው ወሬ የወደቁት ታላላቆቹ ወሬ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ተጨምሯል። ኮሮና መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ፣ በትግራይ ልጆች ሳይመለሱ ጦርነቱ ተከተለና ብዙዎቹ ከሁለት ዓመት በላይ ክፍል ሳይገቡ ቀሩ። በአማራ ክልል ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት ሚሊዮኖች ከትምህርት ውጪ ሆነዋል። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጁን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ልኮ ያስተምራል። የሌለው ልጁ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል።

የቅርብ ዓመታት ውጤት ሲነበብ ይህ መዘንጋት የለበትም። በ2016 ያለፉት 5.4 በመቶ ሆኑ፤ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ፤ ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ከ29,909 ወደ 48,929 ከፍ ብሏል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ለፈተና የተቀመጡት ከ896,520 ወደ 585,882 ወርደዋል። ልዩነቱ ከ310 ሺህ በላይ ነው። የተፈታኙ ቁጥር ባይቀንስ ኖሮ በ2017 ያለፉት 48,929 ተማሪዎች 5.5 በመቶ ያህል ብቻ ይሆኑ ነበር። ስለዚህ በየዓመቱ ውጤት ሲገለጽ ከመቶኛው ጎን ሦስት ነገር አብሮ ቢወጣ ወላጅም ምክር ቤትም የሚጠይቀውን ያውቃል፦ ከአራት ዓመት በፊት 9ኛ ክፍል ከተመዘገቡት ስንቱ ለፈተና ደረሰ? ካለፉት ውስጥ ከመደበኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመጡት ስንት ናቸው? አንድም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በየትኞቹ ወረዳዎች ይገኛሉ፣ በተከታዩ ዓመትስ ስንት መምህርና ስንት መጽሐፍ ተጨመረላቸው?